«ባለቤቴ ሲጋራ ካቆመ ወዲህ ቤታችን ጭስ የለውም፤ ሰላምም የለውም»

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

አሰላሙ አለይኩም። የምኖረው ደሴ ነው፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ። ባለቤቴ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ይነዳል። አሥራ አምስት ዓመት ገደማ አጭሷል፤ በቀን አንድ ፓኮ፣ ሥራ ሲበዛ ከዚያም በላይ። ዘንድሮ የስድስት ዓመቷ ልጃችን ደረቷ እየታፈነ ስታስል ከረመች። ሐኪሙ «ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። ባለቤቴ ምንም አልመለሰም። ማታ ግን ፓኮውን ጨምድዶ ጣለው። ይኸው ሦስት ሳምንት አለፈው።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኗል። በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። ሌሊት ሲገላበጥ ያድራል። ቡና ላይ ተቀምጦ እግሩ አይረጋም። ልጅቷ እንኳ «አባዬ ጠላኝ እንዴ?» አለችኝ። አማቴ በመጡ ቁጥር «ሐራም መሆኑን እያወቅህ ስንት ዘመን!» እያሉ ይወቅሱታል። ጓደኞቹ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ይቅማሉ፤ «ሚስቱ አስቆመችው» እያሉ ይስቁበታል። ባለፈው እሑድ ጃኬቱን ላጥብ ኪሱን ሳራግፍ ሦስት ፍሬ ሲጋራና ክብሪት አገኘሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። እስካሁን ምንም አላልኩትም።

የሚገርመኝ የረመዳኑ ነው። ከሱሑር እስከ መግሪብ አንድም ሳያጨስ፣ ያን ያህልም ሳይነጫነጭ ይውላል። አዛን ሲል ነው ቴምሯን ዋጥ አድርጎ ወደ ደጅ የሚሮጠው። ያኔ ከቻለ አሁን ምን ነካው? ላፋጥጠው ወይስ ዝም ልበል? እንዴትስ ነው የምረዳው?

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ

መልስ

ወአለይኩም ሰላም፣ እህቴ። አብሽሪ። አሥራ አምስት ዓመት ያጨሰ ሰው ሦስት ሳምንት መቆየቱ ትልቅ ነገር ነው። ኪሱ ውስጥ የተገኘው ሦስት ፍሬ ያንን አይሰርዘውም። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የጠየቅሽኝን አብዛኛውን ራስሽ መልሰሽዋል፤ የረመዳኑ ነገር ላይ።

በረመዳን ለምን ቻለ? አንደኛ ኒያው ጽኑ ነው፤ ለአላህ ብሎ ነው የሚጾመው። ግን እሱ ብቻ አይመስለኝም። በረመዳን ደሴ አብራው ትጾማለች። ሸዋበር ቢሄድ፣ ፒያሳ ቢወጣ፣ መናኸሪያ ቢገባ ፊቱ ላይ የሚለኩስበት ሰው አያገኝም። ክርስቲያን ጓደኛው እንኳ እሱን አክብሮ ዞር ብሎ ነው የሚያጨሰው። ወሎ ነዋ! «ዛሬስ ትችል ይሆን?» የሚለው የለም። ኪሱን የሚያይ የለም። እንደሚችል ሁሉም አምኖለታል። ቀኑ መቼ እንደሚያበቃም ያውቃል። ሲያፈጥር ደግሞ ብቻውን አያፈጥርም።

አሁን ግን ብቻውን ነው የሚጾመው። ጓደኞቹ እየሳቁበት፣ እናቱ እየወቀሱት፣ አንቺም በዓይንሽ እየተከተልሽው።

ስለዚህ የኔ ምክር አንድ ነው። ጠባቂው አትሁኚ፣ አብረሽው ጹሚ። ከዚህ በታች የምነግርሽ ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

መጀመሪያ ሰውነቱ ውስጥ ምን እየተካሄደ እንደሆነ እወቂ። ካወቅሽ ቁጣው ያንቺ ጥፋት አይመስልሽም። ኒኮቲን ከተሳበ በኋላ በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። አንጎሉ ይህን ስንት ዓመት ለምዶ ድንገት ሲቀርበት ሰው ይቆጣል፣ ይጨነቃል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ሐሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል፣ ይርበዋል። ሀራራ የምንለው ይህንን ነው። የሚብሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አካባቢ ነው። ከዚያ በሁለትና በአራት ሳምንት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ስለዚህ ባልሽ ከባዱን አልፎታል። ይህን ንገሪው። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚመለሰው ዕድሜ ልኩን እንዲህ እየተቃጠለ የሚኖር እየመሰለው ነው።

ታዲያ ሦስተኛው ሳምንት ላይ እግሩ የማይረጋው፣ ሌሊቱን የሚገላበጠው ለምንድን ነው? እኔ ቡናውን እጠረጥራለሁ።

የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ ቶሎ ከደም እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ይህን የሚያደርገው ኒኮቲኑ ሳይሆን ጭሱ ውስጥ ያሉ ሌሎች ኬሚካሎች ናቸው። ለዚህ ነው ብዙ አጫሽ ማታ ቡና ጠጥቶም እንቅልፍ የሚወስደው። ጭሱ ሲቀር ጉበቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ወትሮ ፍጥነቱ ይመለሳል። የሚጠጣው ቡና ግን አልተቀነሰም። ስለዚህ ካፌይኑ ደሙ ውስጥ ከድሮው እጥፍ ያህል ሊከማች ይችላል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሰው ይነጫነጫል። እሱ ይህን ሁሉ «ሲጋራ ስላጣሁ ነው» ይለዋል። መድኃኒቱም ሲጋራ ይመስለዋል።

ቡና በስንት ጊዜ አንዴ በሚጠጣበት ቤት ይህ ትንሽ ጉዳይ ነው። በእኛ ዘንድ ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለ፤ ያውም ጧት፣ ቀትርና ማታ። ጎረቤት «ኑ ቡና ጠጡ» ሲል ደግሞ እንደገና። ሹፌር ነውና መናኸሪያም ይጠጣል። አንድ ቀን አብራችሁ ቁጠሩት፤ ብዛቱ ያስደነግጣችኋል። ለአንድ ወር ያህል ወደ ግማሽ አውርዱት። ድንገት አታቋርጡት፤ ራሱን ያመዋል፣ ሌላ ጭቅጭቅ ይመጣል። የጧቱን አቦል ይጠጣ። ቶናውን ይዝለል። የማታውን ለሌላው አፍዪና ለእሱ በዚያው ስኒ ጦስኝ ወይም አብሽ አቅርቢለት። ከቡናው መቅረት የለበትም። ይቀመጥ፣ ይጫወት፣ ይመረቅ። የሚቀየረው ስኒው ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

የቡናው ሌላም ጣጣ አለው። አጫሽ አቦሉን ጠጥቶ ቶናው እስኪደርስ ደጅ ወጣ ብሎ ይለኩሳል። ስንት ዓመት እንዲህ ካደረገ በኋላ ሰዓቷ ስትደርስ እግሩ ራሱ ይነሳል። ያቺን ሰዓት ባዶ አትተዪያት። የቆሎውን ሳህን ከፊቱ አድርጊ፤ ጠንከር ያለ የሽምብራ ቆሎ ቢሆን ይመረጣል። መፋቂያ ከእጁ አይጥፋ። ከበር ጥግ ይቀመጥ ከነበረ ወደ ውስጥ ይግባ። ልጅሽን «ሂጂ አባዬ ጋ» በያት፤ ልጅ አቅፎ የተቀመጠ ሰው በቀላሉ አይነሳም። ሀራራው ሲመጣ የሚበረታው ብዙውን ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ነው። ቢያጨስም ባያጨስም ያልፋል። የናንተ ሥራ ያቺን ጥቂት ደቂቃ ማሳለፍ ነው፤ ውሃ ቢጠጣ፣ አንድ ዙር ተራምዶ ቢመለስ፣ አንቺ ሌላ ወሬ ብታነሺ። «አማረህ እንዴ?» ብለሽ ግን አትጠይቂው። ረስቶት ከነበረ ታስታውሺዋለሽ።

አሁን ወደ ጃኬቱ እንምጣ።

ከእንግዲህ ኪሱን አትፈትሺ። ያገኘሽውን ግን ሆድሽ ውስጥ ይዘሽ አትቀመጪ። ዝም ካልሽ አንድ ቀን በጨው ወይም በልብስ ሰበብ ይፈነዳል። ካፋጠጥሽው ደግሞ የሚማረው የተሻለ መደበቂያ መፈለግን ነው። እዚህ አገር አጫሽ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ያህል ነበሩ። ጥቂት ስለሆኑም ነውሩ ይከብዳቸዋል። የኛ ሰው ማጨስን ሲጀምር መደበቅንም አብሮ ይማራል። ከእናት፣ ከአባት፣ ከአማት፣ ከኢማም፣ ከንስሐ አባት። ማስቲካው፣ ከረሜላው፣ ሽቶው፣ የአጥር ጥጉ ሁሉ ለዚያ ነው። የተደበቀ ሰው ደግሞ ሲከብደው እርዱኝ አይልም። ባልሽ ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው «አጨስኩ» ብሎ የሚነግረው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው አንቺ ብትሆኚ ምን ያህል በቀለለው!

ልጅቷ ከተኛች በኋላ፣ እራቱን በልቶ ሲረጋጋ እንዲህ በዪው፤

«ጃኬትህን ሳጥብ አግኝቻቸዋለሁ። አልተቆጣሁም። ሦስት ሳምንት ያደረግኸውን እያየሁ ነው። የት ላይ ነው የከበደህ?»

ከዚያ ዝም በዪ። ቶሎ ባይመልስም ጠብቂው። ምናልባት «አላጨስኳቸውም፣ እንዲሁ ይዣቸው ነው» ይልሻል። እመኚው። ኪሱ ውስጥ መኖራቸው የሚያረጋጋው ሰው ብዙ ነው። ምናልባት ደግሞ «ሁለት ሦስት ቀን አጭሻለሁ» ይልሻል። ያኔም ፊትሽ አይለወጥ። ይህን ከነገረሽ ትልቁን በር ከፍቶልሻል ማለት ነው። የት እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደሆነ፣ ምን ሲያደርግ እንደሆነ በቀስታ ጠይቂው። የነገው መላ ያለው እዚያ መልስ ውስጥ ነው። ተራ ሲጠብቅ ከሆነ ለተራው፣ ጫት ላይ ከሆነ ለጫቱ ዘዴ ትፈልጋላችሁ።

በጣም ለስልሰሽም «አንዷ ምን ታደርጋለች» እንዳትዪው። አንዷ ሌላዋን ትጠራለች። ብዙ ሰው ወደ ድሮው የተመለሰው በአንዲት ፍሬ ነው። አጭሶ ከሆነ ሦስት ሳምንቱ አልጠፋም፤ የቀሩትን ፍሬዎች ግን ዛሬውኑ ውሃ ውስጥ ይክተታቸው። ራሱ በእጁ። አንቺ አትጣይለት።

የቅዳሜው በርጫ ላይ ለዘብ ማለት አልፈልግም። ጫትና ሲጋራ አንድ ላይ ለለመደ ሰው አንዱን ይዞ ሌላውን መተው እጅግ ከባድ ነው። ምርቃናው ሲመጣ እጁ ሳያስበው ወደ ፓኮው ይሄዳል። ጧት የወሰነው ሁሉ ከሰዓት ላይ ይቀልበታል። የጫቱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል። ቢያንስ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ወራት ሲጋራ ከሚጨስበት ክፍል ይራቅ።

ወሎ ላይ ከሰው መቅረት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ጫት ብቻ አይደለም ያለው። ዱዓ ይደረጋል፣ የታመመ ይታሰባል፣ የቸገረው ይበደራል፣ የተጣላ ይታረቃል። «ጓደኞችህን ተው» ካልሽው ብቻውን ታስቀሪዋለሽ። ብቻውን የቀረ ሰው ወደ ሲጋራው ለመመለስ ቅርብ ነው። ስለዚህ ጓደኞቹን ይያዝ፣ የሚገናኙበት ሰዓትና ቦታ ግን ይቀየር። ቅዳሜ ጧት ቤታችሁ ቁርስ ጥሯቸው። ከሰዓቱን ደግሞ ሌላ ነገር ይሙላው። ሳምንቱን ሙሉ መሪ ይዞ የዋለ ሰው ነውና መኪና አታስነሱ። ልጅቷን ይዞ በእግሩ ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ወጣ ይበል። ዳገቱ ላይ ትንፋሹ ከድሮው እንደተሻለው ራሱ ያየዋል። ከሲጋራ የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ሰው ካቆመ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ይወጣል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ እንዲህ ባለ ቦታ ይህ ልዩነት ይሰማል።

ከጓደኞቹ መካከል የሚሰማ አንድ ትልቅ ሰው አይጠፋም። እሱን ያናግረው። አንቺ አትሂጂ፤ አንቺ ከሄድሽ «ሚስቱ አስቆመችው» የሚለው ይጸናል። የሚለምነውም ቀላል ነው። «አታቅርቡልኝ፤ ብለምናችሁም አትስጡኝ።» ትልቁ ሰው «እሱን ተዉት፣ አያጨስም» ካለ ሌላው ይከተላል። ይህን የምታነብ ጓደኛው ከሆንክ አንተንም ልለምንህ። የሚያቆም ሰው ፊት «ስንት ቀን ትቆያለህ?» አትበል። የራስህን ይዘህ ደጅ ውጣ። በቃ፣ ከዚህ በላይ እንኳ ባታደርግ ረድተኸዋል።

«ሺሻ ቀላል ነው፣ በሱ ተካው» የሚልም ይመጣል። ሺሻም ትምባሆ ነው። ኒኮቲንም ካርቦን ሞኖክሳይድም አለው።

ስለ ቁጣው ደግሞ። ሀራራ ሰውን ለምን እንደሚያስቆጣው ነግሬሻለሁ። ቤተሰቡን እንዲሰድብ ግን ፈቃድ አይሰጠውም። ድምፁን ሲያነሳ አብረሽ አታንሺ፤ ክፍሉን ልቀቂለት። ሲበርድለት «ያልከው አሞኛል» በዪው። እጁን የሚያነሳ ከሆነ ጉዳዩ ከሲጋራ ወጥቷል። ያኔ ታግሠሽ አትቀመጪ። ለቤተሰብም፣ ለሽማግሌም፣ ለሕግም ተናገሪ፤ ራስሽንና ልጅሽን አስቀድሚ።

ለልጅቷ እሱ ራሱ ይንገራት። «አባዬ ሲጋራ እየተወ ነው። ለጊዜው ያናድደኛል። አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ እወድሻለሁ» ይበላት። የስድስት ዓመት ልጅ ይህ ይገባታል። ለእሱም ጉልበት ይሆነዋል፤ ያቆመው ለእሷ ብሎ ነውና። «አባዬ ሲያጨስ ካየሽው ንገሪኝ» ግን እንዳትያት። አባቷን የሚያሳብቅ ልጅ ማድረግ ለሁለቱም ክፉ ነው።

አማትሽ የሚናገሩት ስለሚወዱት ነው። ግን ሐራም መሆኑን ባልሽ ያውቃል። አውቆም ነው ሲደበቅ የኖረው። አሁን ትቶት እያለ ያለፈው ሲነሳበት «ለማንስ ብዬ?» ይላል። እሳቸውን ልምከር ብትዪ ይከፋቸዋል። ይልቅ አንድ ነገር ለምኛቸው። «እማዬ፣ ካቆመ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ እርስዎ ሲመርቁት ይበረታል። ቡና ላይ ዱዓ ያድርጉለት» በያቸው። ስሙ ሳይጠራ፣ ሲጋራ የሚል ቃል ሳይነሳ፣ «አላህ ያጽናው» ብቻ። የእናት ዱዓ ወሎ ላይ ያለውን ክብደት አንቺ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ።

ሥራው ላይ ብዙ ልትገቢበት አትችዪም፤ ጥቂት ነገር ግን አለ። መኪና ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ ማመላለሻም፣ በሥራ ቦታም፣ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥም ማጨስን ከልክሏል። የሹፌር ፈተና ተራ ሲጠብቅ ነው። ሥራ የለውም፣ ሱቅ በደረቴው ደግሞ ሲጋራና ማስቲካውን ይዞ መስኮቱ ሥር ይቆማል። ረዳቱን አስቀድሞ ይንገረው፤ «ሲጋራ አምጣ ብልህ እንዳትሰማኝ» ይበለው። አንቺ ጧት ውሃና ቆሎ ቋጥረሽ ስጪው። እንቅልፍ ያላየ ቀን ምልልሱን ይቀንስ። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው፤ በድካም አይነዳም። «ብርድ ነው፣ ሲጋራ ያሞቀኛል» የሚለውንም አትቀበዪው። የደሴ አጫሽ ሁሉ ይህን ይላል። ኒኮቲን የደም ሥርን ያጠባል፣ ወደ ጣት የሚሄደው ደም ይቀንሳል። ጣቱ የበለጠ ይበርደዋል እንጂ አይሞቅለትም።

በየማታው «ዛሬስ?» እያልሽ አትጠይቂው። ያየሽውን ንገሪው። ጧት ሳይስል ከተነሳ «ሳልህ ተሻለህ» በዪው። ወጡ ከጣመው፣ የዕጣኑ ሽታ ከተሰማው ደስ ይበልሽ፤ ሲጋራ ያደነዘዘው ጣዕምና ሽታ እየተመለሰለት ነው። ጋቢውን፣ ጃኬቶቹን፣ መጋረጃውን አንድ ቀን ሙልጭ አድርጋችሁ እጠቡ። መተርኮሻውና ላይተሩ ከቤት ይውጡ። ሽታቸውና መልካቸው ሀራራ ይቀሰቅሳል። ኪሎ ሊጨምር ይችላል፤ በአማካይ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ነው። እኛ ጋ «ወፈርክ» ማለት ተስማማህ ማለት ስለሆነ ይህኛው ብዙ አያስጨንቅሽ።

የሲጋራውን ገንዘብ ደግሞ ዕቁብ ይግባበት። ጎረቤት ወይም መናኸሪያ ውስጥ ያለች ትንሽ ዕቁብ ትበቃለች። የዕቁብ ቀን ሲደርስ ገንዘቡ መገኘት አለበት፣ ለሲጋራ ከወጣ ይጎድላል። ሳጥን ውስጥ ከማስቀመጥ ይህ ይሻላል፤ ሳጥን የሚጠይቅ ሰው የለውም። ዕጣው ሲወጣለት ምን እንደሚገዛበት ራሱ ይወስን። ለቤት ዕቃ ነው ብለሽ አትንጠቂው።

ሙሉ በሙሉ ቢመለስበትስ? ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ጨርሶ ከመተዉ በፊት ደጋግሞ ይሞክራል። ያኔ «ብዬ ነበር» እንዳትዪው። ጥቂት ቀን ቆይታችሁ ሌላ ቀን ይቁረጥ፤ ቀኑን የሚቆርጠው እሱ ነው። በመሃል ግን ቤት ውስጥ አለመጨሱ ይቀጥል፤ ያ ለልጅቷ ደረት ነው። ረመዳን ቅርብ ከሆነ በረመዳን ይጀምር። ቀኑን እንደሆነ ድሮም ይችለዋል። የሚቀረው ከመግሪብ እስከ ሱሑር ያለው ነው። ሾርባውን ቀድመሽ አቅርቢ፤ ከቴምሩ ቀጥሎ ወደ ደጅ የሚያስወጣ ክፍተት አይኑር።

አሁን ግን ብቻችሁን አትታገሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ያለ ምንም እገዛ ለማቆም ከሚደረጉ ሙከራዎች የሚሳካው 4 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። የባለሙያ ድጋፍና ለዚሁ የሚሆኑ መድኃኒቶች ሲታከሉበት ግን ዕድሉ ከእጥፍ በላይ ያድጋል። ኒኮቲን ያለው ማስቲካ አለ፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፍም አለ፤ ጭሱን ሳይሰጡ ሀራራውን ያበርዳሉ። ቡፕሮፒዮንና ቫሬኒክሊን የሚባሉ በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ እንክብሎችም አሉ። ሁሉም ፋርማሲ ላይገኙ ይችላሉ። ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዳችሁ ጠይቁ። የሚጥል በሽታ ካለበት ወይም ኢንሱሊን፣ ደም ማቅጠኛ፣ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ማቆሙን ለሐኪሙ ይንገር፤ የመድኃኒቱ መጠን ማስተካከያ ሊፈልግ ይችላል። ከወር በኋላም ሐዘኑና ድብርቱ ካልለቀቀው ይህንንም ለሐኪም ይንገር፤ ሀራራ ነው ብላችሁ አትተዉት።

የሚጠብቀውንም ንገሪው። ካቆመ አንድ ዓመት ሲሞላው በልብ ሕመም የመያዝ ተጨማሪ አደጋው ከአጫሽ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በአሥር ዓመት ደግሞ በሳንባ ካንሰር የመሞት አደጋው ከሚያጨስ ሰው ግማሽ ገደማ ይሆናል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳሉ ቢብስበት አትደንግጡ፤ የአየር ቧንቧው ራሱን ማጽዳት ሲጀምር እንዲህ ይሆናል። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን፣ በተለይ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት፣ መክሳት ወይም ደም ካለበት፣ ሳይውል ሳያድር የቲቢ ምርመራ ያድርግ። ማጨስ ለቲቢ ያጋልጣል። የልጅቷም ሳል ካልለቀቃት አብራችሁ ውሰዷት። እንዴት እንደሆናችሁም ጻፊልኝ።